ደንብ ማስከበርም አገልግሎት ነው

ወጣት ወንድሞችና እኅቶች፤ «አገልግሎት» ሲባል ብዙዎቻችን የተራበ ማብላትን ብቻ እናስባለን። ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ደንብ ማስከበርስ አገልግሎት አይደለምን? የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት እንመልከት።

አቶ ይድነቃቸው በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ኳስ ተጫውተዋል። በ1957 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አብረው የሚሰለፉበትን ቡድን አልልክም አለች። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የቀረቡት አገሮች አራት ብቻ ስለ ነበሩ፣ አንዷን ማስቀረት ውድድሩን ያሳንሰው ነበር። መሥራቾቹ ግን ዘር የሚለይ ቡድን ከሚገባ በሦስት አገር መጫወትን መረጡ።

በ1962 እ.ኤ.አ. አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ በአፓርታይድ ላይ የነበራቸውን አቋም አልለወጡም።

እንግዲህ ምን እንማራለን? ዋንጫ ለአንድ ቡድን ይሰጣል፤ ትክክለኛ ደንብ ግን ለሁሉም ይተርፋል። እኛስ የማኅበር ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ስንሆን፣ አባል ይቀንስብናል ብለን እውነቱን እንተወው ይሆን? ተወያዩበት።