ዝናብ ሲዘገይ የምንጠጣው ውኃ

የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ሁለት ዝናብ ይጠብቃል፤ ከመጋቢት ጀምሮ «ጉ»፣ ከጥቅምት ጀምሮ «ደይር»። እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ እስከ 2022 ማብቂያ ግን አምስት ወቅቶች በተከታታይ በቂ ዝናብ ሳይሰጡ አለፉ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ መጣ።

ለጤና ሁለቱም አደጋ ናቸው። ድርቁ ሲረዝም ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ እዳሪና እበት አጥቦ የዝናብ ውኃ ወደሚጠራቀምበት ብርካ ያስገባል። ጥሙን ያለፈ ሕፃን በተቅማጥ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ የሚጠጣውን ውኃ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ እስኪንተከተክ አፍሉት። ማገዶ ካጠረ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ኦ.አር.ኤስ. ስጡት። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ጨው አታብዙ፤ ጡት አታቋርጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያለው ውኃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሸሪዓችን ተየሙምን ፈቅዷል፤ የልጁን ውኃ ለዉዱእ አታፍስሱ። አላህ የራሕመት ዝናብ ይስጠን።