ጋቢና ቦይለር፦ የቤት ማሞቂያን በልክ ስለ መምረጥ

መግቢያ

በብርድ ማለዳ ጋቢ የደረበ ሰው «ጋቢው አሞቀኝ» ይላል። አባባሉ በዕለት ተዕለት ንግግር ነቀፋ የለበትም፤ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን እርማት ያሻዋል። ጋቢው በውስጡ እሳት የለውም። ሙቀቱን የሚያመነጨው የሰውየው አካል ነው። ጋቢው የሚያደርገው ሙቀቱ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። ይህንንም የሚፈጽመው አራት ድርብ ሆኖ ስለሚሠራና በድርቦቹና በክሮቹ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዝ ነው። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ ለደጋ ሌሊት የማይበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የበረደው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ከሰል አብዝቶ ማንደድ ወይም ጋቢ መደረብ። በብርድ አገሮች ያሉ ቤቶችም ይኸው ምርጫ ይገጥማቸዋል። በዚያ ከሰሉ ቦይለር ሲሆን፣ ጋቢው ደግሞ በተለምዶ ኢንሱሌሽን የሚባለው ሙቀት ከልካይ ልባስ ነው። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱ የትኛው መቅደም እንዳለበትና የቦይለር ልክ እንዴት እንደሚሰላ ለማስረዳት ይሞክራል። ጉዳዩ ለእኛ ተማሪዎች ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመማሪያ መጽሐፍ የምናጠናው የሙቀት ዝውውር ሕግ በገንዘብ የሚመነዘርበት ቦታ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንም በእነዚያ አገሮች ይህን ሂሳብ በየወሩ ይከፍላሉ። የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2022 እጅግ በናረ ጊዜ ለብዙ ቤተሰቦች ቤትን ማሞቅ ከባድ ሸክም ሆኖ ነበር።

አንድ የተሳሳተ ምርጫ

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በሰሜን ጀርመን በነበርኩበት ጊዜ በአንድ አሮጌ የጡብ ቤት የላይኛው ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖር ነበር። በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ተከራዮቹ ሁሉ ቤቱ አይሞቅም ብለን አቤት አልን። የቤቱ ባለቤት ቅን አዛውንት ነበሩ፤ ቅሬታችንን ሰምተው ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያውም አሮጌውን ቦይለር አንስቶ አቅሙ እጥፍ ያህል የሆነ አዲስ ቦይለር ተከለ። በተከታዩ የብርድ ወቅት የጋዙ ሂሳብ ጨመረ፤ የእኔ ክፍል ግን ማለዳ ማለዳ እንደ ቀድሞው ይቀዘቅዝ ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ቴርሞሜትር ብቻ በቂ ነበር። የክፍሉ አየር 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የኮርኒሱ ገጽ 12 ዲግሪ ነበር። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ምንም ልባስ ስላልነበረው ሙቀቱ ያለ ከልካይ ወደ ጣሪያው ይወጣል። አዲሱ ቦይለርም ሊረዳኝ አልቻለም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ራዲያተር የሚሰጠው ሙቀት በራሱ ስፋትና በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ቴምፕሬቸር የተወሰነ ነውና። ምድር ቤት ያለው ቦይለር የቱንም ያህል ቢገዝፍ ራዲያተሩን አያሰፋውም።

ይህን በአንድ ገጽ ስሌት አድርጌ ለባለቤቱ አቀረብሁላቸው። በተከታዩ በጋ በኮርኒሱ ላይ ወፍራም የማዕድን ሱፍ አስነጠፉ። ክፍሌ ሞቀ። ነገር ግን ሌላ ችግር ተከተለ፤ ቀድሞም ከልክ በላይ የነበረው ቦይለር አሁን ይበልጥ ከልክ በላይ ሆነ። አንድ ቀን ብቆጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ነደደና ጠፋ። አዛውንቱ ገንዘባቸውን ሁለት ጊዜ አውጥተዋል፤ ያወጡት ግን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ነበር።

ቤት እንደ ተቀደደ እንስራ

ከሥሩ ቀዳዳ ያለበት እንስራ እናስብ። የውሃው ከፍታ እንዳይቀንስ ከተፈለገ በቀዳዳው የሚወጣውን ያህል ከላይ መጨመር ያስፈልጋል፤ አይበልጥም፣ አያንስም። የቤት ሙቀትም እንዲሁ ነው። የውስጡ ቴምፕሬቸር ሳይለዋወጥ እንዲቆይ ቦይለሩ መስጠት ያለበት ቤቱ የሚያባክነውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የቦይለሩን ልክ የሚወስነው ቀዳዳው ነው።

የቀዳዳውን ስፋት ለማስላት መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት የትንተና መጽሐፉን ያሳተመው ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ ነው። ለቤት ግድግዳ ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይጻፋል፦

የሙቀት ፍሰት = ስፋት × የማሳለፍ መጠን × የውስጥና የውጭ ቴምፕሬቸር ልዩነት

ፍሰቱ በዋት፣ ስፋቱ በሜትር ካሬ፣ ልዩነቱ በዲግሪ ይለካል። የማሳለፍ መጠን አንድ ሜትር ካሬ ግድግዳ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያሳልፍ ይነግረናል። የዚህ ቁጥር ግልባጭ የሙቀት ተቃውሞ ይባላል። ተቃውሞ የሚጨምረው በሁለት መንገድ ነው፤ ግድግዳውን በማወፈር ወይም ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ ቁስ በመጠቀም። የቁሶች የማስተላለፍ ችሎታ፣ በዋት በሜትር በዲግሪ፣ በግምት የሚከተለው ነው፦

መዳብ፦ 400
ጡብ፦ 0.7
የማዕድን ሱፍ፦ 0.035
የማይንቀሳቀስ አየር፦ 0.025

የማዕድን ሱፍ ከድንጋይ ወይም ከመስታወት የተፈተለ ጭረት ነው። ድንጋይ ሙቀትን በሚገባ ሲያስተላልፍ ሱፉ የማያስተላልፈው አብዛኛው አካሉ የታገተ አየር በመሆኑ ነው። የጋቢው ምሥጢርም ይኸው ነው።

ስሌት በምሳሌ

ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ደርብ የጡብ ቤት እንውሰድ። ግድግዳው 170 ሜትር ካሬ፣ መስኮቶቹ 28፣ ጣሪያውና ወለሉ እያንዳንዳቸው 80 ሜትር ካሬ ናቸው። በውስጡ 400 ሜትር ኩብ አየር አለ። የውስጡ ቴምፕሬቸር 20 ዲግሪ፣ በከባዱ ቀን የውጭው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ይሁን። ልዩነቱ 32 ዲግሪ ነው።

ልባስ የሌለው ቤት በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያባክነው፦

ግድግዳ፦ 170 × 1.5 = 255 ዋት
መስኮት፦ 28 × 2.8 = 78 ዋት
ጣሪያ፦ 80 × 1.5 = 120 ዋት
ወለል (መሬቱ እንደ አየሩ ስለማይቀዘቅዝ ግማሹ ብቻ ተወስዶ)፦ 40 ዋት
በየስንጥቁ የሚወጣ ሞቃት አየር፦ 95 ዋት
ድምር፦ 588 ዋት

ይህ በ32 ሲባዛ 18.8 ኪሎዋት ይሆናል።

አሁን ግድግዳውን 14 ሴንቲሜትር፣ ጣሪያውን 20 ሴንቲሜትር የማዕድን ሱፍ እናልብሰው፤ መስኮቶቹን የማሳለፍ መጠናቸው 1.2 በሆኑ ባለ ሁለት መስታወት መስኮቶች እንቀይር፤ ስንጥቆቹንም እንድፈን። ግድግዳው 36፣ መስኮቱ 34፣ ጣሪያው 13፣ ወለሉ እንደ ነበረ 40፣ አየሩ 54 ዋት ይሆናሉ። ድምሩ 177 ዋት ሲሆን በከባዱ ቀን የሚያስፈልገው 5.7 ኪሎዋት ብቻ ነው። ቀዳዳው ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ ተደፍኗል።

ለወቅቱ በሙሉ ሲሰላ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። በየቀኑ ያለው የውስጥና የውጭ ልዩነት ለብርዱ ወቅት ሁሉ ቢደመር 3,500 የዲግሪ ቀን ይሆናል ብለን እንውሰድ። በቀን 24 ሰዓት ሲባዛ የመጀመሪያው ቤት 49,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው 15,000 ገደማ ያባክናሉ። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ፣ ከፀሐይና ከነዋሪዎቹ የሚገኘውንና ቦይለሩ ራሱ የሚያባክነውን ብንተወው፣ ንጽጽሩ በ4,900 እና በ1,500 ሜትር ኩብ ጋዝ መካከል ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የግድግዳው ልባስ 4 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብክነቱ ከ255 ወደ 94 ዋት ይወርድ ነበር። የተቀሩት 10 ሴንቲሜትሮች የሚቀንሱት ከ94 ወደ 36 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጋቢ ከሁለተኛው ይልቅ ያሞቃል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር አንዱን ግድግዳ እጅግ ከማወፈር ይልቅ ምንም ያልለበሰውን ክፍል ማልበስ ይሻላል።

ከልክ ያለፈ ቦይለር ምን ይጎዳል?

«አቅም ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሚጎዳው ከባዱ ቀን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ ነው። በአብዛኛው ጊዜ የውጭው ቴምፕሬቸር 5 ዲግሪ አካባቢ ነው እንበል። ያን ጊዜ ልባስ ያለው ቤት የሚፈልገው 2.7 ኪሎዋት ነው። የተተከለው ቦይለር 30 ኪሎዋት ሆኖ ነበልባሉን ከ6 ኪሎዋት በታች ዝቅ ማድረግ ካልቻለ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ እየነደደ መጥፋት፣ እየጠፋ መንደድ። በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ የሚጓዝ ታክሲ በአውራ ጎዳና ከሚጓዘው ይልቅ ነዳጅ እንደሚያባክን ማለት ነው። በእያንዳንዱ መነሻ ማራገቢያው ቀዝቃዛ አየር በምድጃው ውስጥ እያሳለፈ ሙቀት ይዞ በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ በየእረፍቱም የቦይለሩ አካል ይቀዘቅዛል፤ ክፍሎቹም በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት ቶሎ ያረጃሉ።

የገላ መታጠቢያ ውሃ ግን ለብቻው ይታሰባል። በደቂቃ 10 ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 21 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ትልቅ ቦይለር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው አስቀድሞ በለበሰ ጋን ውስጥ ቀስ ብሎ ከሞቀ ግን ይህ ሁሉ አቅም አያስፈልግም።

ልባስ ቦይለሩንም ይረዳል

ሚቴን ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎቱ በጢስ ማውጫው ሲወጣ ስውር ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ኮንደንሲንግ የተባለው ቦይለር ጢሱን አቀዝቅዞ እንፋሎቱን ወደ ውሃነት በመመለስ ይህን ሙቀት ይቀማዋል፤ ጥቅሙ በተፈጥሮ ጋዝ እስከ 11 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አዲስ የሚተከል የጋዝ ቦይለር በአመዛኙ የዚህ ዓይነት እንዲሆን በደንብ ተወስኗል።

ይሁንና አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጢሱ ጤዛ የሚሠራው ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ልባስ በሌለው ቤት ክፍሎቹን ለማሞቅ ውሃው 70 ወይም 80 ዲግሪ መሆን ስላለበት ጤዛው አይፈጠርም፤ በውድ የተገዛው ቦይለር እንደ ተራ ቦይለር ይሠራል። ቤቱ ሲለብስ ግን እነዚያው ራዲያተሮች ለብ ባለ ውሃ ይበቃሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሙቀት ሳቢ ፓምፕም የሚያወጣው ውሃ ቴምፕሬቸር ዝቅ ባለ መጠን ቆጣቢ ስለሚሆን ለእርሱም ሕጉ ያው ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ ነዋሪዎች የገቡበት «ፓሲቭ ሃውስ» የተባለው የቤት ዓይነት ነው። መለኪያው በከባዱ ቀን ለአንድ ሜትር ካሬ ወለል 10 ዋት ነው። 160 ሜትር ካሬ የሆነው የምሳሌያችን ቤት በዚህ ልክ ቢሠራ 1.6 ኪሎዋት ይበቃዋል። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚስበው ግማሽ ያህሉ ነው።

ጥንቃቄ

ስንጥቅ መድፈን አየር መከልከል ማለት አይደለም። ከሰው ትንፋሽና ከምግብ ማብሰያ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ በቀዝቃዛ ጥግ ላይ ጤዛ ሆኖ ሻጋታ ያበቅላል። ከዚህ የከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የሌለው ይህ ጋዝ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ ይቆራኛል። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተተወ የከሰል ማንደጃ ስንት ቤተሰብ እንዳሳዘነ ሁላችን እናውቃለን። ሙቀትን እናግት፤ አየርን ግን በታሰበበት መንገድ እናስገባ።

ማጠቃለያ

ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው። አስቀድሞ ብክነትን መቀነስ፤ ቀጥሎ የቀረውን ማስላት፤ በመጨረሻም በስሌቱ ልክ ቦይለር መምረጥ። ከቦይለር የጀመረ ሰው ለቀዳዳው የሚሆን ውሃ ሲገዛ ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦይለር የሚያሞቀው ቤት ብዙ አይደለም፤ ከሥሩ በቂ ልባስ የሌለው ምጣድ ግን በብዙ ቤት አለ። ወደ እንጀራው መሄድ የሚገባው ሙቀት ወደ ታች ሲወርድ የሚገዛለት ሕግ ያው የፉሪዬ ሕግ ነው።

መልመጃ

1. በምሳሌው ቤት የግድግዳው ልባስ 7 ሴንቲሜትር ቢሆን በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚባክነው ስንት ዋት ነው? (መልስ፦ 64 ገደማ)
2. የለበሰው ቤት የውጭው ቴምፕሬቸር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢደርስ ስንት ኪሎዋት ያስፈልገዋል? (መልስ፦ 7.1)
3. በደጋ አገር የሣር ክዳን ጎጆ ሌሊት ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ሙቀት የሚይዘው ለምንድን ነው? ከጋቢው ጋር አነጻጽራችሁ አስረዱ።