ስለ ሰንሰለትና ስለ ሞላ፦ ምክር ለሮቦት ሠሪዋ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ንድፍ አየሁት። ክንዱ ያምራል፤ ካሜራውም ደህና ቦታ ይዟል። ከወገቡ በታች ግን ቸኩለሻል፦ ከፊት አንድ አይድለር (ሞተር የሌለው መሪ ጎማ)፣ ከኋላ አንድ ስፕሮኬት (ሰንሰለቱን የሚጎትት ባለ ጥርስ ጎማ)፣ በመሃላቸው የተወጠረ የጎማ ሰንሰለት፣ ሌላ ምንም የለም። ዕድሜዬን ዶዘር ሥር ተጋድሜ የጨረስኩ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ሰንሰለትም ሞላም በዋናነት የተፈለጉት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ክብደትን ለመሬት አዳርሶ ለመስጠት። የምልሽ ሁሉ ከዚያ የሚወጣ ነው።

1. መሃሉን ባዶ አትተዪው። ሮቦትሽ 30 ኪሎ ነው ብለሻል። እያንዳንዱ ሰንሰለት በ50 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና በ5 ሳንቲ ሜትር ስፋት መሬት ቢነካ ሁለቱ ተደምረው 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለአንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው 60 ግራም ብቻ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ጭነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዳረስ ነው። በመሃል ሮለር ከሌለ የሚሸከሙት አይድለሩና ስፕሮኬቱ ብቻ ናቸው፤ ለስላሳ አፈር ላይ ሁለቱም ጫፎች ይሰምጣሉ። ባለ ሰንሰለት ሮቦት ሠራሁ ብለሽ ባለ አራት ጎማ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በየጎኑ አራት ወይም አምስት ትናንሽ ሮለሮች ተቀራርበው ይግቡ። ስፕሮኬቱን ከመሬት ከፍ አድርጊው፤ ሥራው መጎተት እንጂ መሸከም አይሁን።

2. ሞላ ከመግዛትሽ በፊት ፍጥነቱን ወስኚ። ከ1997ቱ (እ.ኤ.አ.) ሶጆርነር ጀምሮ ናሳ ማርስ ላይ የነዳቸው ተሽከርካሪዎች ሮከር ቦጊ በሚባል ዘዴ ይሄዳሉ፤ በተሸካሚ ክንዶቻቸው ላይ ሞላ የለም። ስድስቱን ጎማዎች የሚያያይዟቸው በመገጣጠሚያቸው የሚወዛወዙ ክንዶች ናቸው፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌሎቹ መሬት አይለቁም። ይህ የሚያዋጣው ስለሚያዘግሙ ነው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ኪዩሪዮሲቲ ቢበዛ በሰከንድ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው።

ያንቺም ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሮለር በአጭር ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ አድርጊና የዘንጉን መሃል በኩሽኔታ ከሻንሲው ጋር አያይዢው። እንደ ቀንበር ነው፤ አንዱ በሬ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ሸክሙን ግን ይካፈሉታል። የተንጠለጠለ ክንድ ላለው ሮቦት ይህ ከሞላ ይሻላል፤ ሞላው ከለሰለሰ ክንዱን በዘረጋሽ ቁጥር ሮቦቱ ወደፊት እየሰገደ ያስቸግርሻል።

ሩጫ ያስፈልገዋል ካልሽ ሞላና ሾክ አብዞርበር ግድ ነው። ያን ጊዜ ሮቦቱ ዝም ብሎ ሲቆም ሞላው ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል የተጨነቀ ይሁን፤ ሮለሩ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ያስፈልገዋልና። ቦታውንም አስቢ። አሜሪካዊው ክሪስቲ የነደፈው የታንክ ሞላ ለፍጥነት የተመሰገነ ነበር፤ የሶቪየቶቹ ቲ-34 ወረሰው። ግን ረጃጅሞቹ ሞላዎች የታንኩን የውስጥ ቦታ በሉት። ያንቺ ባትሪ የት ሊገባ ነው?

3. ርዝመትንና ስፋትን አስታርቂ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንድትቆዪ እፈልጋለሁ። ባለ ሰንሰለት ነገር የሚዞረው መሬቱን ወደ ጎን እየፋቀ ነው። ጭነቱ እኩል ተዳርሷል ብለን ብናሰላ፣ በቆመበት ለመዞር ከእያንዳንዱ ሰንሰለት የሚፈለገው ግፊት ሰበቃ በክብደት በርዝመት ተባዝቶ፣ በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል ላለው ርቀት አራት እጥፍ ሲካፈል ነው። ርዝመቱ ከዚያ ርቀት ጋር እኩል ሲሆን ሰንሰለቱ መሬት ከሚጨብጥበት አቅም ግማሹ ይበቃል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሙሉ አቅሙ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሞተር ብታስገቢም ሰንሰለቱ ይንሸራተታል እንጂ ሮቦቱ አይዞርም። ያንቺ 50 በ28 ነው፤ 1.8 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። በሰንሰለቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ቢያንስ ወደ 36 አድርሺው። የመሃሉን ሮለር ከጫፎቹ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብታደርጊው ደግሞ ጠንካራ ወለል ላይ የሚነካው ርዝመት ስለሚያጥር መዞሩ ይቀላል፤ ለስላሳ አፈር ላይ ጥቂት ሰመጥ ሲል ሙሉው ርዝመት ሥራ ላይ ይውላል።

ደረጃ ግን ተቃራኒውን ይጠይቅሻል። ከፍታው 17፣ መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር በሆነ ደረጃ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሮቦቱ ምንጊዜም ሁለት ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ 66 ይፈልጋል። 50 ይዞ ከወጣ አልፎ አልፎ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀርና ይወዛወዛል። መፍትሔው ፓክቦት በሚባለው ሮቦት ላይ እንዳለው የሚታጠፍ ትንሽ ሰንሰለት ከፊት መጨመር ነው፤ ለመውጣት ዘርግተሽ፣ ለመዞር ታጥፊዋለሽ። የጃፓኑ ሮቦት ኩዊንስ እንደዚህ ያሉ አራት እግሮች ነበሩት። በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ሁለተኛው ሬአክተር ሕንፃ ውስጥ ወደ ምድር ቤት ሊወርድ ሲል የደረጃው ማረፊያ ከተነገረው ጠቦ ስለተገኘ መውረድ አልቻለም። ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ማረፊያውንም ለኪ።

4. ሰንሰለት እንደ ክራር አይወጠርም። ሲጠብቅ ኃይል ይበላል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ሮቦቱን ከግድግዳ ጋር አጋጥመሽ በሞተሩ ግፊ፤ ጥርስ መዝለሉን እስኪተው ድረስ ብቻ አጥብቂ። ሮለሮቹ ሲወዛወዙ የሰንሰለቱ መንገድ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር አይድለሩን ሞላ ላይ አስቀምጪው፣ ግን ገደብ አብጂለት። ስፕሮኬቱ ከኋላ ሲሆን ወደፊት ስትሄጂ የሚወጠረው አጭሩ የታች ክፍል ነው። ወደኋላ ስትሄጂ ግን ውጥረቱ በላይ በኩል ዞሮ አይድለሩን ይጎትተዋል፤ ሞላው ይጨነቃል፣ ከታች ልል ይፈጠራል፣ ሰንሰለቱም ይወልቃል።

5. ጥገናውን አሁን አስቢ። የጀርመኑ ታይገር ታንክ ጎማዎቹ ተደራርበው ስለተሠሩ ክብደት ያዳርሱ ነበር፤ ግን የውስጡን አንዱን ለመቀየር የውጭዎቹን መፍታት ያስፈልግ ነበር፣ በሩሲያ ብርድም በመካከላቸው የገባው ጭቃ ይጋገር ነበር። ያንቺ ሮለር በአንድ ብሎን ይውለቅ።

6. ሞተሩ ከእግሩ ተለይቶ አይታሰብም። በ2012 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኪዩሪዮሲቲ የጎማው ቆዳ 0.75 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ነው፤ በ2013 ስለታም ድንጋዮች እየበሱት ታየ። አንዱ ምክንያት ጎማዎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ድንጋዩ ላይ መጫናቸው ነበር። በ2017 ጎማዎቹ የመሬቱን ቅርፅ እየተከተሉ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ሶፍትዌር ተላከለት። ከእሱ በኋላ የተላከው ፐርሲቪራንስ ደግሞ ወፈር ያለ ቆዳና 48 ጥርሶች ይዞ ሄደ። የብረቱን ችግር በብረት፣ የቁጥጥሩን በቁጥጥር ፍቺ።

7. ሮቦቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ፈትኚው፦ ክንዱን አውልቂና በቦታው ተመጣጣኝ ክብደት ያለው የአሸዋ ከረጢት አስሪ። ከዚያ ተዳፋት ላይ ወደኋላ እየነዳሽ ጠምዝዢው። ሰንሰለቱ ከወለቀ በአይድለሩ በኩል ይሁን በስፕሮኬቱ በኩል፣ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ ጻፊና ላኪልኝ፤ የጉድለቱን ቦታ ከዚያ እናገኘዋለን።