ስደትና የምድር መለወጥ

ስደት የተባለው ቃል «ሰደደ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም አባረረ፣ አሳደደ ማለት ነው። እንግዲህ ስደተኛ ስንል አባራሪ ያለበትን ሰው መጥራታችን ነው። የኑኃሚን ባል ወደ ሞዓብ የወረደው ርኃብ ስለ ሰደደው ነበር፤ ያውም ከቤተ ልሔም፣ የእንጀራ ቤት ተብላ ከምትተረጐመው ከተማ! ይህን ያነሣነው፣ በድርቅ ምክንያት ቀዬውን ለቆ የመጣውን ሰው «ሥራ የጠላ» የሚሉ በደጀ ሰላም ሳይቀር ስለሚሰሙ ነው።

አባራሪው ማን እንደ ሆነ ከአገራችን ታሪክ እንመልከት። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከመቶው ዘጠናውን የቀንድ ከብት እንደ ፈጀ ይገመታል። ዝናም ታጣ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። ሕዝቡን ከሥሩ የነቀለው ግን ይልቁን የበሬው ማለቅ ነበር፤ የሚያርሰው ጠፍቶ መሬቱ ጦሙን አደረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ ሆኑ፤ ነገር ግን በዶማ ስንት ጋሻ መሬት ይለማል? እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚያ «ክፉ ቀን» እህል አለ ወደ ተባለበት አገር ሲጓዝ በመንገድ ወድቆ የቀረው ብዙ ነው።

ገበሬ በአንድ ቀን አይሰደድም። አስቀድሞ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል፤ ጐልማሳ ልጁም ለቀን ሥራ ይወጣል። ቀጥሎ ላሚቱ ትሄዳለች። በሬው ተሸጦ፣ ለዘር የተቀመጠው እህል ከተበላ በኋላ ግን ዝናሙ ቢመለስ እንኳ ምን ይዘራል? ስለዚህ በሬው ሳይሸጥ የደረሰ እርዳታ ሰውን በቤቱ ያቆየዋል፤ ዘግይቶ የመጣው ግን የሚያገኘው በመንገድ ላይ ነው። በ1977 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥት ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ አሰፈረ፤ የወባን ጠባይ የማያውቀውም የደጋ ሰው በቆላው በብዛት አለቀ።

በቦረናም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ቀሩ። አርብቶ አደሩ ከብቱን ነድቶ ሣርና ውሃ ፍለጋ መጓዙ የጥንት ልማዱ ስለ ሆነ ስደት አይባልም፤ ስደተኛ የሆነው ከብቱ አልቆ ባዶ እጁን ወደ መጠለያ በገባ ጊዜ ነው።