የሰው እጅ ስለሚከራይ ተማሪ

ባለፈው ጥር አንድ የማንኩሳ ልጅ፥ አባቱንም እናቱንም የማውቃቸው፥ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ሳለ በማታ ወደ ቤቴ ገባ። (ማንኩሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በዛብህ የዚህች አገር ልጅ ነውና። ይህ የእኔ እንግዳ ግን ልብ ወለድ አይደለም።) ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ሁለት ሺህ ብር ቢያበድሩኝ አባቴ በርበሬውን ሲሸጥ እመልስልዎታለሁ» አለኝ። ለምን እንደሚሻው ብጠይቀው፥ በኮምፒዩተር ትምህርት ለዕረፍቱ የተሰጠው የቤት ሥራ እንዳለ፥ በቴሌግራም ያገኘው አንድ ፕሮግራመር በዚህ ዋጋ ሠርቶ ሊሰጠው እንደ ተስማማ፥ ገንዘቡንም በቴሌብር አስቀድሞ እንዲልክለት እንዳዘዘው ነገረኝ። ይህንም ሲናገር አላፈረም። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» አለኝ።

ገንዘቡን አልሰጠሁትም፤ በቍጣም አልሰደድሁትም። ቡና ጠጥቶ ሄደ። እኔ ግን ያን ሌሊት ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ፤ ያሰብሁትንም እነሆ እጽፍላችኋለሁ።

አስቀድሞ ይህ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ልግለጥ። ኮምፒዩተር የሚሠራው ሁሉ ትእዛዝ በተራ በተራ ከተጻፈለት በኋላ ነው፤ ያንን ትእዛዝ ተማሪዎቹ ኮድ ይሉታል። መሣሪያው ጸሐፊው ያሰበውን አያውቅም፤ የተጻፈውን ብቻ ያደርጋል። ለጀማሪ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ፥ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቍጥሮች የሚደምር ፕሮግራም ጻፍ የሚል ነው። መልሱ 5050 ነው። ተማሪው ግን ማቆሚያውን በአንድ ቢስት፥ መሣሪያው በ99 ላይ ቆሞ 4950 ይለዋል፤ ልጁም ስለ ምን እንደ ጐደለ እስኪያገኝ ድረስ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ፤ መምህሩ 5050 የሚለውን ቍጥር ከተማሪው ሊቀበል ፈልጎ ነውን? አይደለም፤ እርሱ መልሱን ያውቀዋል። የፈለገው ያን ራስ ይዞ መቀመጥን ነው። ሌላ ሰው ሠርቶ ሲሰጠው ተማሪው ለመምህሩ መምህሩ የማይሻውን ነገር ሰጠ፤ የሚሻውን ግን ለሌላ ሰው ትቶ መጣ። መምህሩም በማግሥቱ፥ «አሁን ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈሉትን ብቻ ደምርልኝ» ቢለው፥ አንዲት መሥመር ለውጦ 2550 ማምጣት ለሠሪው የዓይን ጥቅሻ ሲሆን፥ ለገዢው ግን እንደ ተራራ ይሆንበታል።

እኛ የጎጃም ሰዎች ይህን ከሩቅ አገር ሰው ልንማረው ባልተገባን ነበር። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነውና። መምህሩ ቅኔውን ካሳየና ምሥጢሩን ከፈታ በኋላ፥ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ዱር ይሄዳል፥ ብቻውንም ተቀምጦ ይቈጥራል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲበረታም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይናገራል፥ መምህሩም ያርመዋል። ትላንት የተባለው ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይባልም፤ የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪም በጉባኤው መካከል መሳቂያ ይሆናል። የሚያስገርመው፥ በቅጽበት አዲስ ቅኔ ማፍለቅን ሊቃውንቱ «ዘረፋ» ብለው መጥራታቸው ነው፤ በዚያ ጉባኤ ዘራፊ የሚባለው ከሰው የማይወስደው ነውና። እኔ በዚያ ብዙ አልቈየሁም፤ መንገዴም ወደ ሌላ ሄደ፤ ስለ መምህራኑ ግን እውነቱን መመስከር ይገባኛል። ከእነርሱ አንዱ ስንኝ ሲጠፋብኝ ስንኝ ሰጥቶኝ አያውቅም። «ሰሙ የታለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር እንጂ።

በዚህ ቦታ የራሴን በደል ልናገር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ክፍልፋይ የሚባለው የሒሳብ ትምህርት ይከብደኝ ስለ ነበር፥ የቤት ሥራዬን ለአንድ ባልንጀራዬ እሰጠው ነበር፤ ዋጋውም ኪስ ሙሉ ቆሎ ነበረ። ደብተሬ ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ይመለስልኝ ነበርና መምህሩ አንድ ቀን በክፍሉ ፊት አመሰገነኝ፤ አመስግኖኝም ጠመኔ ሰጥቶ ወደ ሰሌዳው ጠራኝ። ሦስት አራተኛን ከሁለት አምስተኛ ጋር ደምር አለኝ። ጠመኔውን ይዤ የቆምሁበት ያ ጊዜ ምን ያህል እንደ ረዘመ ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም። መምህሩ አልመታኝም፤ ወደ መቀመጫዬ መለሰኝ፥ ከዚያም በኋላ ደብተሬን ሲያርም ቀና ብሎ አላየኝም። ይህ ከዱላ ይልቅ ጐዳኝ። ባልንጀራዬ ግን እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራ ነበርና ከክፍሉ ሁሉ በሒሳብ በለጠ። እኔ ቆሎዬን ከፍዬ ለእርሱ ዕውቀት ገዛሁለት ማለት ነው።

«ቆሎና ክፍልፋይ ምንድር ነው? ማንንስ ይጐዳል?» የሚል ቢኖር፥ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስብ። በአንዲት ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ስሕተት ተፈጠረና ሰዎች በሒሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ እንደ ገለጠው ስሕተቱ ከማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር እንጂ ከውጭ የመጣ ጥቃት አልነበረም፤ የተወሰደውም ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሆራይዘን የሚባለው የፖስታ ቤት የሒሳብ ፕሮግራም የሌለ ጉድለት እያሳየ፥ ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ከ900 በላይ የሆኑ የፖስታ ቤት አስተዳዳሪዎች በሌብነትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው። አንዳንዶቹ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ቤታቸውን አጡ፤ ፍርዱን በሕግ የሻረው ምክር ቤት ያን ያደረገው በ2024 እ.ኤ.አ. ነበር። እነዚህን ፕሮግራሞች የጻፉት ሰዎች በትምህርታቸው ጊዜ የቤት ሥራ ገዝተዋል አልልም፤ እንዲህ ብል ሐሰተኛ ምስክር እሆናለሁና። የምለው ይህ ነው፤ የተማሩ ሰዎች ተጨንቀው ሲጽፉት እንኳ ይህን ያህል ጥፋት ሊያደርስ የሚችል ሥራ፥ ምን እንደ ጻፈ በማያውቅ ሰው እጅ ቢገባ እንዴት ይሆናል?

ስለ እነዚያም ተማሪዎች ያሰብሁት አለኝ። ገንዘቡን ሲያወጡ ከእነርሱ ብዙዎቹ፥ «መሣሪያው ሰጠኝ» ብለው ልባቸውን ሳያጽናኑ አልቀሩም። የሰው ሥራ በስሙ የሚያስገባም እንዲሁ፥ «ከፍዬበታለሁ» ይላል። ሁለቱም በእጃቸው ስለ ገባ የእነርሱ የሆነ መሰላቸው።

አሁን ደግሞ ፍርድ እንዳላጓድል እፈራለሁ። እጅ የሚከራይ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ መካከል ያለፈ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ አንዱ በአባቱ ቤት ኮምፒዩተር ሲነካ ያደገ ነው፥ ሌላው ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ አልነካም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፥ መሣሪያውም ሲሳሳት የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ያ የማንኩሳ ልጅ ወደ ቤቴ የመጣው ከተንኰል ይልቅ ከፍርሃት የተነሣ እንደ ሆነ አሁን አውቃለሁ። አባቱ ስለ እርሱ በሬ ሸጧል፤ ልጁ ቢወድቅ አባቱ በገበያ እንዴት እንደሚታይ ያውቃል። እንግዲህ ይህን ልጅ፥ «አንተ ሌባ» ብሎ ማባረር ቀላል ነው፥ ግን ምን ይጠቅመዋል?

ነገር ግን ፍርሃቱን ቢገዛው ፍርሃቱ አይቀርለትም፤ ይዘገይበታል እንጂ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፥ በኮምፒዩተርም ፊት ብቻውን ይቀመጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት ካለፉት የወደቁት ይበዙ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኵረጃን ለመከልከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥም፥ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፥ ሁሉም ኰራጅ ነበረ ማለት አይገባም፤ ሆኖም በዚያ አዳራሽ የተከራየ እጅ እንደማይገባ ሁላችን አየን። ዐሥሩን ደናግል አስቡ። ልባሞቹ ዘይታቸውን ለሰነፎቹ ያልሰጡት ስለ ስስት ነውን? እኔ በልጅነቴ እንዲህ ይመስለኝ ነበር፥ በልቤም አማቸው ነበር። አሁን ግን በሌሊት ሰዓት ከሰው ወደ ሰው የማይሻገር ነገር እንዳለ አያለሁ።

ለሠሪውም አንድ ቃል አለኝ። አንተ በአራት ኪሎም ሆነ በባሕር ዳር ተቀምጠህ የተማሪውን ሥራ በዋጋ የምትሠራ ወንድሜ፥ ተመርቀህ ሥራ እንዳጣህ አውቃለሁ፤ እንጀራ ነውና አልስቅብህም። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ንግድ በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ ወንጀል ሆኗል። እኔ ግን ስለ ሕግ አልነግርህም። ከዚህ ልጅ የምትቀበለው ሁለት ሺህ ብር የአባቱ በርበሬ ነው፤ በርበሬውን ተቀብለህ የምትሰጠው ነገር ግን ልጁን ይበልጥ ደካማ ያደርገዋል፥ በሚመጣውም ወር እንደ ገና ወደ አንተ ይመልሰዋል። ያንኑ ልጅ በዚያው ዋጋ ለሦስት ማታ ብታስተምረው እኔ ራሴ ከፋይ እሆንልሃለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ዛሬ ሰው መከራየት አያስፈልግም ይላል፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቻትጂፒቲ የሚባለው፥ ተጠይቆ ኮድ የሚጽፍ መሣሪያ መጥቷልና። እርሱ ቆሎ እንኳ አይጠይቅም። ስሞቹን ብቻ እየለዋወጠ የባልንጀራውን ኮድ የሚያስገባ ተማሪ ግን፥ በ1994 እ.ኤ.አ. አሌክስ አይከን በአሜሪካ አገር የሠራው ሞስ የሚባል ፕሮግራም እንደሚገልጠው ይወቅ፤ ስሙ ቢለወጥ አሠራሩ አይለወጥምና። የሆነው ሆኖ ተይዞም ሳይያዝም ቢቀር፥ በሰሌዳው ፊት መቆሙ አይቀርለትም።

የዚያን ልጅ ነገር ልጨርስ። በሦስተኛው ቀን ጠርቼው፥ «ልጄ፥ እኔ ኮድ አላውቅም፤ ሥራውን በአማርኛ ንገረኝ» አልሁት። ሥራው የእህል ነጋዴ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ነበር። «ነጋዴው ጆንያውን ይመዝናል፥ ኪሎውን በዋጋው ያባዛል፥ ገንዘቡን ይከፍላል» አለ። «የባዶው ጆንያ ክብደትስ?» ብለው ዝም አለ። በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ወርዶ በገበያ ከሚዛን ዘንድ ግማሽ ቀን ቆሞ፥ ነጋዴው የሚያደርገውን አንድ በአንድ ጽፎ መጣ። ከዚያም መጻፍ ጀመረ። መሣሪያው እንቢ አለው፤ ደግሞም እንቢ አለው። በመጨረሻ ለዚያ ፕሮግራመር፥ «ሥራልኝ» ሳይሆን፥ «ይህን ይህን አድርጌአለሁ፥ በ14ኛው መሥመር ላይ ግን ይቆምብኛል፤ ስለ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጻፈለት። ሰውየውም ያለ ዋጋ አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰለት፤ በዚያ መሥመር ላይ ያለው ቍጥር ቍጥር ነውን ወይስ ፊደል? ልጁ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲያየው ቈይቶ አገኘው።

ከዐሥር ሰባት አገኘ። በትንሣኤ በዓል ሲመጣ ፕሮግራሙን በስልኩ ለአባቱ አሳየው፤ አባቱም ማንበብ ባይችል የበርበሬውን ኪሎ እየነገረው ሒሳቡን አስወጣው። መልሱን ሲሰማም፥ «የጆንያውን ቀንሰኸዋል?» ብሎ ጠየቀው። «ቀንሻለሁ፥ አባ» አለው።