ኑዛዜ ያለ ፍቅር

የዛሬው ትምህርታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ ቃሉን የጠበቀ ሰው ሁሉ ጽድቅን ሠርቷልን? ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ሀብታችን ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ አባት እናታቸውን ከመጦር የሚሸሹትን ገሥጿል። ቅዱስ ጳውሎስም ፍቅር የሌለበት መሥዋዕት እንደማይጠቅም አስተምሯል። ይህንን ትምህርት ሁለት የአሜሪካ ልብ ወለዶች በመከራ መንገድ ያሳዩናል።

የመጀመሪያው ዊሊያም ፎክነር በ1930 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» ነው። የሚሲሲፒ ገጠር ሴት አዲ በንድረን ጄፈርሰን ከተማ እንድትቀበር ተናዝዛ ትሞታለች። ባሏ አንስና አምስት ልጆቿ ሬሳዋን በጋሪ ጭነው ይወጣሉ። የሞላ ወንዝ በቅሎዎቹን ይበላል። ልጇ ካሽ እግሩ ይሰበራል፤ ስብራቱንም በሲሚንቶ ይለስኑበታል። አንስ የአንዱን ልጁን ፈረስ ሳያስፈቅድ ለበቅሎ ይለውጣል፤ የሴት ልጁንም 10 ዶላር ይወስዳል። ሌላው ልጅ ዳርል ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይጋዛል። ኑዛዜው ተፈጸመ፤ አባትየው ግን ሲመኘው የኖረውን ሰው ሠራሽ ጥርስና አዲስ ሚስት አገኘ። ቃሉን ጠበቀ፤ ዋጋውን የከፈሉት ልጆቹ ናቸው።

ሁለተኛው ኮርማክ ማካርቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና በ2007 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው «ዘ ሮድ» ነው። ስማቸው ያልተነገረ አባትና ልጅ አመድ በለበሰ ምድር ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕር ይጓዛሉ። አንድ ጊዜ አባት ካካዎውን ሁሉ ለልጁ ሰጥቶ ለራሱ ሙቅ ውሃ ብቻ ይቀዳል። ልጁ ያየዋል፤ እንዲህ ላያደርግ ቃል ገብቶ እንደነበርም ያስታውሰዋል። እዚህ ቤት ቃል መጠበቅ ማለት አንዱ ሌላውን ሳይረሳ ተካፍሎ መጠጣት ነው። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ተስፋ የለም፤ አባትም ይሞታል። ልጁ ግን ለሰው የሚራራ ልቡን እንደያዘ ይተርፋል።

እንግዲህ አንዱ ቤት ክፉ፣ ሌላው ቅዱስ ነው እንበልን? አንልም። የአዲ ልጅ ጁወል የእናቱን የሬሳ ሣጥን ከእሳት ውስጥ ያወጣል። የ«ዘ ሮድ» አባትም የሰረቃቸውን ሰው ልብሱን አስወልቆ በብርድ ይተወዋል፤ ወደ ምሕረት የሚመልሰው የልጁ ልቅሶ ነው። ፍቅር በየእርምጃው ይፈተናል፤ ታናሹም ታላቁን ያርማል።

ስለዚህ ኑዛዜ የተቀበለ፣ ስእለት የተሳለ ሰው «ፈጸምሁ» ከማለቱ በፊት ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ይመርምር። ለሟች የሚገባው ክብር የሕያዋንን መብት አይሽርም።