ሰዓቱ የተዛባ ካሜራ በሕግ ፊት

ጉራጌ ውስጥ፣ ጉንችሬ ላይ ቤት ሠርተው ኑሯቸውን አዲስ አበባ ያደረጉ ብዙዎች ግቢያቸውን የሚጠብቁት በስልካቸው ነው። መርካቶ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው እናት ደጅ ላይ ቡና ስትወቅጥ፣ ዘበኛው በር ሲከፍትና ሲዘጋ ያያሉ። ካሜራውን የሰቀለው ባለሙያ ምስሉ መምጣቱን አሳይቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈው ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን የሚያጣራ ግን ጥቂት ነው። ችግሩ የሚታየው ንብረት ጠፍቶ ቀረጻው ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ነው።

አንድ ጉዳይ እናስብ። መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ግቢው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ከዕቃ ቤት ጄኔሬተር ይጠፋል። ቀረጻው ሲከፈት ፊቱ የማይለይ ሰው ጄኔሬተሩን በጓሮ በኩል ሲያወጣ ይታያል። ጥግ ላይ የተጻፈው 2025-09-28 02:00 ነው። ቤተሰቡ ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሰው ለመስከረም 18 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት እንግዳው ተኝቷል፤ ነቅቶ የሚያድረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሥራ የሚገባው ዘበኛ ብቻ ነው። ዘበኛው ይያዛል።

አሁን የካሜራውን ምስል የሚያስቀምጠውን መሣሪያ፣ የመቅጃውን ቅንብር እንክፈት። የሰዓት ክልሉ ከፋብሪካ እንደወጣ በቻይና ሰዓት፣ በጂ.ኤም.ቲ. +8 ላይ ቀርቷል። ኢትዮጵያ +3 ናት፤ ልዩነቱ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሩ የወጣው መስከረም 17 ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ዘበኛው ሥራ ሳይገባ፣ ግቢው በሰው እንደተሞላ። ቀኑም ሰዓቱም ተለወጠ፣ ተጠርጣሪውም ሌላ ሊሆን ነው። በዚህ ላይ 02:00 የሚለውን አንብቦ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ቃሉን የሚሰጥ ምስክር ሲጨመር መዝገቡ ውስጥ ለአንድ ድርጊት ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ይገባሉ። ቀላል የማይባለው ሌላው የሰዓት መዛባት መነሻ የመብራት መቋረጥ ነው። በመቅጃው ውስጥ ሰዓቱን የምትይዘው ክብ ትንሽ ባትሪ ከሞተች፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መቅጃው ወደ ፋብሪካ ቀኑ ሊመለስ ይችላል። ባለፈው ሳምንት የተቀረጸ ምስል 2000-01-01 ተብሎ፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ተብሎ ይቀመጣል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰዓቱ ከተሳሳተ ቀረጻው ማስረጃነቱ ያበቃል ወይ?» የሚል ነው። አያበቃም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የወጣው ለኮምፒውተር ወንጀሎች ቢሆንም፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ትክክለኛነት የያዛቸው ድንጋጌዎች መሣሪያው በአግባቡ ይሠራ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሳሉ። የተዛባ ሰዓት የሚነካው ይህንኑ ነው፤ ማስረጃው ቢቀርብም ክብደቱ ይቀንሳል። ምስሉ «ምን ተደረገ» ለሚለው መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ «መቼ» የሚለው ግን በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚጨፈልቅ ክስም ሆነ መከላከያ ደካማ ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ ስህተቱን እንዳየ መጀመሪያ የሚመጣለትን ነገር፣ ሰዓቱን ማስተካከልን፣ ለጊዜው ይተው። ዛሬ የሚያስተካክሉት ሰዓት በቀድሞው ቀረጻ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አይለውጠውም። የሚያጠፋው ነገር ግን አለ፤ መሣሪያው በስንት ሰዓት ይሳሳት እንደነበር የሚያሳየውን ማስረጃ። አንዳንድ መቅጃዎች ላይ ደግሞ ሰዓቱን ወደኋላ ሲመልሱት አዲሱ ቀረጻ ከአሮጌው ጋር ይደራረባል፣ የተፈለገውን ቦታ ማግኘትም ያስቸግራል።

መጀመሪያ የሚደረገው ቀረጻውን ማዳን ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ መቅጃው ከአሮጌው ጀምሮ እየደመሰሰ ስለሚቀዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪመክር ድረስ ቀረጻው ሊጠፋ ይችላል። የሚፈለገውን ክፍል ከፊቱም ከኋላውም ሰፋ አድርጎ በመቅጃው የራሱ ፎርማት በፍላሽ ማውጣት ያስፈልጋል። ሞኒተሩን በስልክ ቀርጾ በቴሌግራም መላክ ለወሬ ይበቃ ይሆናል፤ ጥራቱ ወርዶ፣ ከፋይሉ ጋር ያለው መረጃ ተገፎ የደረሰ ምስል ግን ፍርድ ቤት ላይ ለመስቀለኛ ጥያቄ በር ይከፍታል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ዋናው ቅጂ ተደምስሶ የቴሌግራሙ ብቻ ሲቀር ባለጉዳዩን መርዳት በጣም ስለሚከብድ ነው።

ከዚያ ልዩነቱ ይመዘገባል። የመቅጃውን ሰዓት በሞኒተር ላይ ክፈቱ፤ ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድ ስልክ አጠገቡ ያዙና ሁለቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ እንዲገቡ አንሱ። ከተቻለ መርማሪው ፖሊስ፣ ካልተቻለ ሁለት ጎረቤቶች ይገኙ። አጭር ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ የመቅጃው ሰዓት ይህን ያህል ይላል፣ ትክክለኛው ይህ ነው፣ የሰዓት ክልሉ ቅንብር +8 ላይ ነው፣ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በውጭ አቆጣጠር በግልጽ ይጻፍ። ይህች አንድ ገጽ ወረቀት በጉንችሬው ወረዳ ፍርድ ቤትም ሆነ በይግባኝ ወልቂጤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከረጅም ክርክር ትበልጣለች።

ሆኖም ዛሬ የታየው ልዩነት የድርጊቱ ዕለትም እንደነበረ አያረጋግጥም፤ በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀረጻው ውስጥ ሰዓቱ ከሌላ ምንጭ የሚታወቅ ነገር ይፈለግ። ባለቤቱ በዚያ ምሽት ካሜራው ፊት ቆሞ ስልክ ሲያወራ ከታየ የስልኩ የጥሪ ዝርዝር ሰዓቱን ይነግራል። አንድ እንግዳ በቴሌብር ገንዘብ ሲልክ ከታየ ደረሰኙ አለ። የአዛን ጥሪ ወይም በዋዜማው የደመራው መለኮስም በምስክር ሊደገፍ ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ነጥቦች አንድ ዓይነት ልዩነት ካሳዩ ጉዳዩ ከግምት ወጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ፈጽሞ አይደረግ፤ በኮምፒውተር የቀረጻውን ሰዓት አጥፍቶ ትክክለኛውን መጻፍ። ባለቤቱ «እውነቱን ነው የጻፍኩት» ሊል ይችላል። ነገር ግን የነካው ቀረጻ ከእንግዲህ የሚታመን አይሆንም፤ ሌላውን ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት የተደረገ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 9 መሠረት የኮምፒውተር መረጃን ወደ ሐሰት የመለወጥ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ዘበኛው እንመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጠበቃ የለውም፣ ቀረጻው ያለው በከሳሹ እጅ ነው፣ «ካሜራው አይቶሃል» ሲሉት ደግሞ የሚመልሰው ይጠፋዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን መልስ አለው። በአንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለው፤ ከተያዘበት ጊዜ አንስቶ፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም አለበት። በአንቀጽ 20 መሠረት በፍርድ ሂደት ጥፋተኛ ካልተባለ በቀር እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የማየት፣ ምስክሮችን የመጠየቅ፣ የራሱን መከላከያ የማቅረብ መብት አለው። ይህ ማለት ከሞኒተር ተቆርጦ የወጣ አንድ ፎቶ ሳይሆን ቀረጻው በሙሉ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል። መቅጃው በባለሙያ እንዲመረመር፣ የሰዓት ክልሉ ቅንብር በመዝገብ እንዲሰፍር ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። መቅጃውን የተከለው ባለሙያ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ የሚጠየቀውም ግልጽ ነው፤ ሰዓቱን ማን ሞላው? በየትኛው አገር ሰዓት? ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? ያጣራ ሰው ነበር? ማስረዳቱ የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው፤ ተከሳሹ በሰዓቱ ላይ አሳማኝ ጥርጣሬ መኖሩን ካሳየ ይበቃዋል።

ጉዳዩ ቀድሞ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብም ይህ ጥንቃቄ አይቀርም። ሰባት ቤት ጉራጌ በባህላዊ ሕጉ፣ በየጆካ ቅጫ የሚያውቀው የዳኝነት ሥርዓት ሁለቱንም ወገን የሚያዳምጥ ነው፤ በስልክ የሚዞር ቪዲዮ ግን ከሽማግሌው ቀድሞ ፈርዶ ይጠብቃል። ሽማግሌዎች ምስሉን ከማየታቸው በፊት የሰዓቱን ልዩነት የሚያሳየው ወረቀት ቢቀርብላቸው ብዙ ጥል ይቀራል።

የዘበኛውን ምስል «ሌባ» ብሎ ፌስቡክ ላይ የለጠፈ ደግሞ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ የሚሰጠው ልዩ ሁኔታ ጎረቤትን መስደቢያ የሚሆን አይደለም። አንቀጽ 2044 ላይ ያለው የስም ማጥፋት ኃላፊነትም አለ። ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ለፖሊስ የከሰሰ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 ይጠየቃል። ልዩነቱን ካወቁ በኋላ ዝም ብሎ ክሱን መግፋት ወደዚህ ሊያደርስ እንደሚችል ባለቤቶች ልብ ሊሉ ይገባል።

ካሜራው የተሰቀለው ሱቅ፣ ፔንሲዮን ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመጣል። ለግልና ለቤተሰብ ብቻ የሚውልን መረጃ አዋጁ ይተወዋል፤ የንግድ ቤት ባለቤት ግን የሠራተኛውንና የደንበኛውን መረጃ ትክክለኛ አድርጎ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛውም የተሳሳተው እንዲታረም መጠየቅ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሞላ የሄደው ባለሙያ ላይ ደግሞ ውልና ደረሰኝ ያለው ሰው እንዲያስተካክል መጠየቅና ጉዳት ከደረሰም በውል ሕጉ መሠረት ለካሣ መከራከር ይችላል። ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ ይከብዳል።

ቀረጻው ወጥቶ፣ ልዩነቱ ተመዝግቦ፣ መርማሪው ካወቀው በኋላ ሰዓቱ ይስተካከል። በቅንብሩ ውስጥ የሰዓት ክልሉ ጂ.ኤም.ቲ. +3 ይደረግ፤ አዲስ አበባ በዝርዝሩ ከሌለ ናይሮቢ ያው ነው። በበጋ ሰዓት የሚጨምረው አማራጭ ይጥፋ፤ ኢትዮጵያ ያንን አትጠቀምም፣ ከበራ 1 ሰዓት ያዛባል። መቅጃው ኢንተርኔት ካለው ሰዓቱን በራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ ይብራ፤ ካልሆነ ባትሪዋ ትለወጥና መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይታይ። ካሜራዎቹ ለየብቻ ሰዓት ካላቸው እያንዳንዳቸው ይፈተሹ። የተስተካከለበት ቀንና ሰዓት፣ በፊት የነበረው ልዩነትና ያስተካከለው ሰው ስም ተጽፎ ከመቅጃው ደረሰኝ ጋር ይቀመጥ፤ ዐቃቤ ሕጉም ሆነ የተከሳሹ ጠበቃ የሚጠይቁት ያንኑ ወረቀት ነው።